ባንክ የገባ ብር ሁሉ ሽያጭ አይደለም፦ ከኦዲት እስከ ይግባኝ ያሳለፍኩት

ይሄን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ ጉዳዩ ክፍት እያለ ግን ማውራት አልፈለግኩም። አሁን ተዘግቷል፣ ክሊራንሱንም (የግብር ዕዳ የለባትም የሚለውን ወረቀት) ወስጃለሁ፣ ስለዚህ የግብር ኦዲት ደብዳቤ ደርሷችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ካላችሁ እኔ ያኔ የሚነግረኝ ሰው ያጣሁትን ነገር ልንገራችሁ። የማወራው በ2013 እና 2014 ስለነበረው አሠራር ነው፣ ከዛ ወዲህ አዳዲስ አዋጆች ወጥተዋል፣ ቫቱ ራሱ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1341 ተቀይሯል፣ ስለዚህ ቀንና ፐርሰንት ላይ ስትደርሱ የአሁኑን አዋጅ አይታችሁ ነው መሄድ ያለባችሁ። ቅርንጫፉንም ሰዎቹንም አልጠራም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ናት፣ አንድ ኦፍሴት ማሽን፣ አንድ መቁረጫ፣ ቋሚ ሠራተኛ 7፣ ሥራ ሲበዛ ደግሞ ለጥረዛ የቀን ሠራተኛ እንጨምራለን። ብሮሸር፣ ካሌንደር፣ የስብሰባ ሰነድ፣ የትምህርት ቤት ሥራ እንሠራለን፣ ብዙውን ሥራ የምናገኘው በጨረታ ነው። ጨረታ ያልኩት ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

ታኅሣሥ 2013 ላይ የ2009፣ የ2010 እና የ2011 ሒሳብ ኦዲት ሊደረግ ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። እውነት ለመናገር አልፈራሁም። በየወሩ ቫት አሳውቄያለሁ፣ ደረጃ ሀ (ሙሉ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ግብር ከፋይ) ነኝ፣ በየዓመቱ እስከ ጥቅምት 30 ዓመታዊውን አስገብቻለሁ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ አለ፣ ማሽኑ የሚያወጣው የዕለት ሽያጭ ድምር፣ ዜድ ሪፖርቱ፣ አለ፣ ምን ይመጣብኛል አልኩ። ሒሳብ የሚሠራልን ልጅ በትርፍ ሰዓቱ ለብዙ ድርጅት የሚሠራ ነው፣ ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ይመዘግባል፣ ዴክላሬሽን ያዘጋጃል፣ እኔ እፈርማለሁ። ኦዲተሮቹ ሰነድ ሲጠይቁ በካርቶን በካርቶን አድርገን ላክን። ሳይቆጠር፣ ሳይፈረም፣ ኮፒ ሳይቀር። ይሄ የመጀመሪያው ትልቅ ስህተቴ ነው። በኋላ የሁለት ወር የግዢ ደረሰኝ ጠፋ ሲባል እኔ ጋ ይሁን እነሱ ጋ ማንም ሊያውቅ አልቻለም፣ ደግነቱ ዋናዎቹን ልጁ ፎቶ አንስቷቸው ነበር። ሰነድ ስታስረክቡ ከስንት ቁጥር እስከ ስንት ቁጥር ደረሰኝ እንደሆነ የሚገልጽ ዝርዝር ጽፋችሁ ተቀባዩ ፈርሞ አንድ ኮፒ እናንተ ጋ ይቅር።

ኦዲቱ እንዳለቀ ግኝቱን ሊያሳውቁን ጠሩን። ስብሰባው አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። ኦዲተሯ ልጅ እግር ናት፣ ትሁት ናት፣ "እርስዎ አስተያየት ካለዎት በጽሁፍ ያቅርቡ" አለችኝ፣ እኔ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይ አፌ ደረቀ። የተባለው እንዲህ ነው፦ በሦስቱ ዓመት በሁለት ባንክ አካውንታችሁ የገባው 11,640,000 ብር ነው፣ ያሳወቃችሁት ሽያጭ 7,180,000 ነው፣ ስለዚህ 4,460,000 ብር ሽያጭ ደብቃችኋል። በዛ ላይ 30 ፐርሰንት የትርፍ ግብር፣ 15 ፐርሰንት ቫት። ሌላ ደግሞ 910,000 ብር ወጪ ውድቅ ተደርጓል፣ ከሱም ውስጥ የ520,000ው ግዢ የግብዓት ቫት (ስንገዛ የከፈልነው ቫት) አብሮ። ዋናው ግብር ብቻ 2,358,000 ብር፣ ቅጣትና ወለዱ ሲደመር ከ4 ሚሊዮን ያልፋል። ማሽናችንን ከነመቁረጫው ብንሸጥ ያን ብር አያመጣም።

ያን ቀን ያናደደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። "ደብቃችኋል" የሚለው ቃል ነው። 11 ዓመት ሙሉ ሰው ደረሰኝ አትቁረጪልኝ ዋጋ ቀንሺልኝ ሲለኝ እየመለስኩ የሠራሁ ሰው ነኝ።

የውሳኔ ማስታወቂያው የመጣው ከስብሰባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ እኔም ባለቤቴም ሳንኖር። ጸሐፊዋ ፈርማ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከቀለም ፋክቱሮች ጋር አስቀመጠችው፣ ሰኞ እሷ አመማት፣ እኔ ያገኘሁት ሐሙስ ነው። ለምን ይሄን እንደማወራ ልንገራችሁ። በታክስ አስተዳደር አዋጁ (983/2008) ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው፣ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤውን ቢሯችሁ ያለ ሰው ፈርሞ ከተቀበለበት ጀምሮ ነው እንጂ እናንተ ካነበባችሁበት አይደለም። እኔ ስድስቱን መሳቢያው ውስጥ አቃጠልኩ። ለማራዘም በጽሁፍ መጠየቅ ይቻላል፣ ግን በቂ ምክንያት ያስፈልጋል፣ ከአገር ውጪ መሆን፣ ሕመም ምናምን፣ ቢፈቀድም ከ10 ቀን አይበልጥም። ከዛን ቀን ጀምሮ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ "ከገቢዎች የሚመጣ ደብዳቤ በተቀበላችሁበት ደቂቃ ደውሉ" የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ ዛሬም አለ።

በዛው ሳምንት አንድ ሰው ደወለልኝ። ስልኬን ከየት እንዳገኘ አልነገረኝም፣ ጉዳዬን ግን እስከ ቁጥሩ ያውቃል። "እህቴ፣ ቅሬታ ምናምን ብለሽ አትድከሚ፣ 300 ሺህ አዘጋጂ፣ ፋይሉ በሰላም ይዘጋል" አለኝ። ለባለቤቴ ስነግረው ዝም አለ፣ ዝም ማለቱ አስፈራኝ፣ ምክንያቱም 4 ሚሊዮን አጠገብ 300 ሺህ ትንሽ ይመስላል፣ እኔም ራሴ ለአንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። ጠዋት ግን ሳስበው ይሄ ሰው ብሩን ወስዶ ቢጠፋ ለማን ነው የምከሰው፣ ፋይሉ ተዘጋ ብሎ 21 ቀኑ ቢያልፍስ። ሰፈራችን ያሉ አንድ ባለ መጋዘን በትክክል እንደዛ ሆኖባቸዋል፣ ጉዳይ ገዳዩ "ጨርሻለሁ" እያላቸው ቀኑ አለፈ፣ ከዛ አካውንታቸው ሲታገድ ነው ያወቁት። ቁጥሩን ብሎክ አደረግኩት።

ይልቅ ያዳነኝ ሌላ ሰው ነው። የአጎቴ ጓደኛ፣ ድሮ ግብር መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ወረቀቴን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፣ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና "ልጄ፣ ይሄን ውሳኔ ሐሰት ነው ብለሽ ብቻ ብትጮኺ ማንም አይሰማሽም፣ የማስረዳት ሸክሙ ያንቺ ነው፣ እያንዳንዱን ብር ከየት እንደመጣ አሳዪ" አሉኝ። ይሄ ለኔ አዲስ ነበር። እኔ እነሱ እንደደበቅኩ ያስረዱ ብዬ ነበር የማስበው። አዋጁ ግን የታክስ ውሳኔው ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ግዴታ ግብር ከፋዩ ላይ ነው ይላል። ይሄን ከተቀበላችሁ በኋላ ሥራው ይቀላል፣ ምክንያቱም በጩኸት ሳይሆን በወረቀት የሚያልቅ ነገር ይሆናል።

የሁለቱን ባንክ የሦስት ዓመት ስቴትመንት አወጣን። እኔ፣ ባለቤቴና የእህቴ ልጅ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን በሦስት ከለር ማርከር መስመር በመስመር አሠመርን። ቢጫ ሽያጭ፣ አረንጓዴ ሽያጭ ያልሆነ፣ ሮዝ የማናውቀው። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ገጹ ሁሉ ሮዝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ነው ነገሩ መታየት የጀመረው።

አንደኛ፣ ቫቱ። ደንበኛ 115 ብር ሲከፍለኝ ባንክ የሚገባው 115 ነው፣ ያሳወቅኩት ሽያጭ ግን 100 ነው፣ 15ቷ የመንግሥት ናት፣ በየወሩ አስገብቻታለሁ። ኦዲቱ ከነቫቱ የገባውን ብር ቫት ከሌለው ሽያጭ ጋር ነው ያወዳደረው። የ7,180,000 ብር 15 ፐርሰንት 1,077,000 ነው፣ እሱ ብቻ ከ"ድብቅ ሽያጩ" አንድ አራተኛ ገደማ ነው፣ በዛ ላይ እንደገና ቫት አስልተውበታል። እንደዚህ ግልጽ የሆነ ነገር እንዴት ታለፈ ብዬ በጣም ተገርሜያለሁ፣ ግን ያው የሚያዩት ፋይል ብዙ ነው፣ የናንተን ሒሳብ ከናንተ በላይ የሚያውቅላችሁ የለም።

ሁለተኛ፣ ከራሴ አካውንት ወደ ራሴ አካውንት ያዘዋወርኩት 1,460,000። በትራንስፈር የሄደው ቀላል ነው፣ በሁለቱም ስቴትመንት ቀኑና መጠኑ ይታያል። ከአንዱ ባንክ ካሽ አውጥቼ እዛው ፊት ለፊት ያለው ባንክ ያስገባሁት ግን አስቸገረኝ፣ የወጣው 200,000 የገባው 185,000 የሆነባቸው ቀኖች ነበሩ፣ 15ቱን ለሠራተኛ ከፍዬበት ይሆናል። ዛሬ አንድም ጊዜ እንደዛ አላደርግም። የራሴን ብር ሳዘዋውር በትራንስፈር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሲፒኦ (ባንክ የሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ነው፣ ጨረታ የምትሳተፉ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ። ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ ስታሠሩ ብሩ ከአካውንታችሁ ይወጣል፣ ጨረታውን ካላሸነፋችሁ ሲፒኦው ይመለሳል፣ ባንክ ወስዳችሁ ስታሰርዙት ብሩ ተመልሶ አካውንታችሁ ይገባል። ስቴትመንቱ ላይ ልክ እንደ ሽያጭ ገቢ ሆኖ ነው የሚታየው። በሦስት ዓመት 61 ሲፒኦ አሠርተን ተመልሶልን ነበር፣ ድምሩ 738,000 ብር። ተሸንፈን ባጣነው ጨረታ ላይ ግብር ክፈሉ ተባልን ማለት ነው።

አራተኛ፣ ውጪ ያለችው እህቴ የወረቀት ዋጋ ሲንር ያበደረችን 600,000፣ አምስተኛ ባለቤቴ የግል መኪናውን ሸጦ ለድርጅቱ ያስገባው 380,000። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ 205,000 ብር ብቻ ሮዝ ሆኖ ቀረ፣ ምንጩን ልናስታውሰው ያልቻልነው። ጋሼ "ይሄን እመኚ፣ ክፈዪው" አሉኝ። ከልቤ አልወደድኩትም፣ ግን ልክ ነበሩ፣ ምክንያቱም ቅሬታ ስታቀርቡ የማትከራከሩበትን የግብር ክፍል ከፍላችሁ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ቅሬታው በአግባቡ እንደቀረበ አይቆጠርም። የ205,000ውን ግብርና ቫት 92,250 ብር ከፍዬ ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር አያያዝኩ።

ቅሬታውን በ20ኛው ቀን አስገባሁ። እንዴት እንደተጻፈ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ እኔ የጻፍኩት ሦስት ገጽ ምሬት ነበር፣ ስንት ዓመት እንደሠራን፣ ስንት ቤተሰብ እንደምናስተዳድር። ጋሼ አንብበው አጠገባቸው አስቀመጡትና "ይሄ ለእግዜር የሚጻፍ ነው" አሉኝ። አዋጁ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፣ የቱን ነጥብ እንደምትቃወሙ፣ ውሳኔው እንዴት እንዲስተካከል እንደምትፈልጉ፣ ለምን እንደሆነ። እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው ጻፍን፣ የስቴትመንት ገጽ ቁጥርና መስመር አስገባን፣ አባሪውን ቁጥር ሰጠነው፣ በሁለት ኮፒ አድርገን እኛ ጋ በሚቀረው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን አስመታን። ያቺ ማኅተም ያረፈችባት ኮፒ ከማንኛውም ሰነድ በላይ ዋጋ አላት፣ ቀን አለፈ ቢሏችሁ የምታሳዩት እሷን ነው።

ቅሬታ አጣሪዎቹ ወደ አራት ወር ፈጀባቸው። በ180 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡ በቀጥታ ይግባኝ መሄድ ይቻላል፣ እሱ ጋ አልደረስንም። ቫቱንና የአካውንት ዝውውሩን ተቀበሉን፣ 2,537,000 ብሩ በአንዴ ተነሳ፣ የካሹም ጭምር። ሲፒኦውን፣ የእህቴን ብድርና መኪናውን ግን "በቂ ማስረጃ አልቀረበም" ብለው አጸኑት። ውድቅ የተደረጉት ወጪዎችም እንዳሉ ቀሩ። ክርክር ያለበት ዋና ግብር 1,124,100 ብር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የፌዴራል ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ነው፣ ውሳኔው ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ፣ ያኔ የክርክሩን ግብር 50 ፐርሰንት አስይዞ። 50 ፐርሰንቱ የሚሰላው ዋናው ግብር ላይ ብቻ ነው፣ ቅጣትና ወለድ አይጨመርም፣ ይሄን ብዙ ሰው ሳያውቅ ጠቅላላው ቁጥር ላይ አስልቶ ተስፋ ይቆርጣል። የኔ 562,050 ብር መጣ። ከየት ላምጣ፣ ወረቀት መግዣ ብሩን ብነካ ሥራ ይቆማል። እቁብ ውስጥ አራተኛ ወር ላይ ነበርኩ፣ ዳኛውን ለምኜ ዕጣ የደረሳቸው አንድ እናት ዕጣቸውን ለቀቁልኝ፣ ውለታቸውን አልረሳም፣ የቀረውን ባለቤቴ ከወንድሙ ተበደረ።

ሠላሳውን ቀን ሙሉ ባንክ ለባንክ ዞርኩ። ለሲፒኦው ስቴትመንት ብቻውን አይበቃም የተባልነው እውነትም ደካማ ስለነበር ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሲፒኦ የተሠራበት ቀን፣ ቁጥሩ፣ በማን ስም እንደወጣ፣ የተሰረዘበት ቀን የተዘረዘረበት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከባንኩ ጠየቅኩ። የክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ "61 ሲፒኦ ማን ይፈልጋል" አለ፣ አራተኛ ቀን ስመለስ ግን ራሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አብሮኝ ፈለገ። ከአንዳንድ ጨረታ አውጪ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አለማሸነፋችንን የሚገልጽ ደብዳቤ አመጣሁ። ለመኪናው ሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበው የሽያጭ ውል አለ፣ የገዢው ቼክ የገባበት ቀንም ይገጥማል። የእህቴ ብር ላይ 430,000ው በባንክ የተላከ ስለሆነ የሐዋላ ወረቀቱን አገኘሁ። 170,000ው በሰው እጅ የመጣ ነው፣ የሱ ምንም ወረቀት የለኝም፣ እህቴ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ ግን ደብዳቤ ነው።

ኮሚሽኑ ጋ ስትቀርቡ ፍርድ ቤት ይመስላል፣ ይግባኝ ባይና መልስ ሰጪ ተብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ቀድሞ በጽሁፍ ክርክር ይለዋወጣል። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንደኛው የጉባኤ አባል ከ61ዱ ውስጥ በድንገት አንዱን መርጠው "የዚህን ሂደት አሳዪኝ" አሉ። 22ኛው ነበር፣ ፋይሉን በቁጥር ስላደረግኩት በአንዴ ገለጥኩት፣ የወጣበት ገጽ፣ የጨረታው ማስታወቂያ፣ የተሸነፍንበት ደብዳቤ፣ የተመለሰበት ገጽ፣ 12,000 ብር ወጣ 12,000 ብር ገባ። ዝም ብለው አዩትና ሌላ መረጡ፣ እሱንም አሳየኋቸው። ሦስተኛ አልጠየቁም።

ውሳኔው ከሰባት ወር በኋላ መጣ። ሲፒኦው ሙሉ በሙሉ፣ መኪናው፣ የእህቴ 430,000 ተነሱልን። 170,000ው ቀረ። ወጪዎቹም ቀሩ፣ ስለነሱ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ በደንብ ልናገር። 390,000ው ለጥረዛ የቀን ሠራተኞች የከፈልነው ነው፣ ማስረጃዬ ስምና ፊርማ ያለበት ደብተር ነው፣ የመታወቂያ ኮፒ የለ፣ የሥራ ግብር አልተቆረጠ። ሰዎቹ ሠርተዋል፣ ብሩም ተከፍሏል፣ ግን በሕግ ፊት የለም። 520,000ው የወረቀት ግዢ ነው። መርካቶ በደላላ ነው የገዛሁት፣ ዕቃው ከአንድ መጋዘን መጣ፣ ደረሰኙ በሌላ ድርጅት ስም ተቆረጠ፣ እኔ ማሽኑ ያወጣው ትክክለኛ ደረሰኝ ነው፣ ቫቱም አለ ብዬ ተቀበልኩ። ያ ድርጅት ለካ ዕቃ ሳይሸጥ ደረሰኝ ብቻ የሚሸጥ ተብሎ የተያዘ ነው። ወጪውም ተጣለ፣ የግብዓት ቫቱም ተጣለ። ጋሼ "በዚህ ብቻ ካበቃ አመስግኚ" ያሉኝ በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በአዋጁ የወንጀል ተጠያቂነት ጭምር ስላለው ነው፣ ወረቀቱ በትክክል መግባቱን የሚያሳይ የመጋዘን ምዝገባ ስለነበረን ይመስለኛል ወደዛ ያልሄደው። እባካችሁ ደረሰኙ ላይ ያለው ስምና ቲን ነምበር ዕቃውን የሸጠላችሁ ሰው መሆኑን አረጋግጡ፣ ክፍያውንም በካሽ ሳይሆን በዛው ስም በተከፈተ አካውንት ብቻ ክፈሉ፣ ደላላው "ያው ነው" ሲል ያው አይደለም።

መጨረሻ ላይ ከ2,358,000 ብር ዋና ግብር የጸናው 519,750 ሆነ። 92,250ውን ቀድሜ ከፍያለሁ፣ ያስያዝኩት ብር ቀሪውን ሸፍኖ የተረፈው 134,550 ለቅጣትና ለወለዱ ተያዘልኝ፣ ቅጣቱ እንዲነሳልኝም በመመሪያው መሠረት አመልክቼ ከፊሉ ተነሳ፣ የቀረውን በየወሩ እንድከፍል ስምምነት ፈርሜ ጨረስኩ። በ2012 በኮሮናው ሰሞን መንግሥት እስከ 2007 የነበረውን የግብር ዕዳ ሰርዞ የ2008 እስከ 2011ን ወለድና ቅጣት ሲያነሳ የኛ ፋይል ገና አልተከፈተም ነበር፣ ይሄ ትንሽ ያንገበግበኛል። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር፣ ግን ያኔ 75 ፐርሰንት ማስያዝ ይጠይቃል፣ የሚታየውም የሕግ ስህተት ብቻ ነው፣ የኔ የቀረው ደግሞ የማስረጃ ጉዳይ ስለሆነ ተውኩት።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር አለ። አካውንት የገባ ብር ሁሉ በገባበት ቀን እዛ ላይ ይጻፋል፣ ከማን፣ ለምን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ሽያጭ ካልሆነም ምን እንደሆነ። በቀን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብድር ከሆነ የብድር ውል፣ ከባለቤቴ ከገባ ቃለ ጉባኤ እንይዝበታለን። ሲፒኦ ሲሰረዝ ባንኩ የሚሰጠውን ወረቀት በማግስቱ ሳይሆን እዛው መስኮቱ ላይ እቀበላለሁ።

አሁን 21 ቀኑ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትሄዱት ጠበቃ ጋ ሳይሆን ባንክ ይሁን፣ ስቴትመንቱን በጽሁፍ ጠይቁ። የኔ አንዱ ባንክ በዕለቱ ሰጠኝ፣ ሌላው የ2009ኙን ከማኅደር አወጣለሁ ብሎ 9 ቀን ፈጀበት።